መልስ፦ የታሪክ ጸሐፊዎች ሰነዱን ብቻ አቅርበው ለምን አይተዉንም?

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሰነድ ያለ ተርጓሚ አይናገርም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል ብንወስድ፣ የአማርኛው አንቀጽ 17 ዐፄ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ግን ይህንኑ ግዴታ አድርጎ ስለሚያስቀምጠው፣ ሮማ ኢትዮጵያን በጥበቃዋ ሥር እንዳለች አገር ቆጥራ ለሌሎች ኃያላን አስታወቀች። ሁለቱም ሰነዶች እውነተኛ ናቸው። ጎን ለጎን ቢቀርቡልን ልዩነቱን እናያለን፤ ከየት እንደመጣ፣ ማለትም ከትርጉም ስሕተት ይሁን ከታሰበበት ማታለል፣ ግን ወረቀቱ ራሱ አይነግረንም።

የታሪክ ጸሐፊው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ መጫናቸውን ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በቀጥታ መጻፋቸው አንቀጹን እንዴት እንደተረዱት ያሳያል፤ ንግሥቲቱ ደግሞ መልእክቱ በኢጣሊያ በኩል መሄድ እንዳለበት መመለሳቸው የሌላውን ወገን ንባብ ይገልጣል። የታሪክ ጸሐፊዎቹ ስቬን ሩቤንሰንና ካርሎ ጂልዮ በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዚሁ አንቀጽ ላይ የተከራከሩት አንዳቸው ሰነዱን ስላላዩት አልነበረም።

ይህ ሲባል ማንኛውም ትርጓሜ እኩል ነው ማለት አይደለም፤ የቪክቶሪያን ደብዳቤ ማስረዳት የማይችል ትርጓሜ፣ የቱንም ያህል ለስሜታችን ቢስማማ፣ በእኔ አስተያየት ደካማ ነው። ስለዚህ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ሲያነቡ ደራሲው የቱን ማስረጃ እንዳስቀደመና የቱን እንደዘለለ ቢመረምሩ፣ ሰነዱን ብቻ ከማንበብ የበለጠ ይጠቅምዎታል።