ንጉሥ በገዛ ጋብቻው ላይ ሊፈርድ ይችላልን? ስለ ሄንሪ 8ኛና ስለ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከሮም መለየት የቀረበ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ለንደን ነው። የ13 ዓመት ልጄ በትምህርት ቤት የንጉሥ ሄንሪ 8ኛን ታሪክ ሲማር ሰንብቶ አንድ ጥያቄ ይዞብኝ መጣ። ንጉሡ የሟች ወንድሙን ሚስት አግብቶ ብዙ ዓመት ከኖረ በኋላ ኦሪት ዘሌዋውያንን ጠቅሶ ጋብቻዬ ይፍረስልኝ ማለቱንና የሮሙ ፖፕ ባይፈቅዱለት የሀገሩን ቤተ ክርስቲያን ለይቶ ራሱ የበላይ መሆኑን ተምሯል። «መጽሐፍ ቅዱስ የወንድምን ሚስት ማግባት ከከለከለ ንጉሡ ትክክል አልነበረም ወይ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ በኦሪት ዘዳግም የሟች ወንድምን ሚስት ስለ ማግባት የታዘዘውን አስታውሼ ግራ ገባኝ። እኛም ከሮም ጋር አንድ ስላልሆንን ልጄ ነገሩን ከእኛ ታሪክ ጋር ያመሳስለዋል። በየእሑዱ የምናስቀድሰውም ከአንግሊካን ምእመናን በተዋስነው ሕንፃ ነው። ምን ልበለው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ልጅዎ የጠየቀው ጥያቄ በዘመኑ የፓሪስና የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲዎች ሊቃውንት ሳይቀሩ የተከራከሩበት ነውና በርታ ይበሉት እንጂ አይቆጡት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንጉሡ ያገባት የወንድሙ መበለት ካትሪን የስፔን ነገሥታት የፈርዲናንድና የኢዛቤላ ልጅ ነበረች። በኖቬምበር 1501 የሄንሪን ታላቅ ወንድም አርተርን አገባች፤ አርተር ግን ገና 15 ዓመቱ ሳለ፣ ከሠርጉ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላው ሞተ። ከዚያም ካትሪን ሄንሪን እንድታገባ ፖፕ ዩልዮስ 2ኛ ልዩ ፈቃድ ሰጡ፤ ሁለቱም በጁን 1509 ተጋቡ። ብዙ ጊዜ ፀንሳለች፤ በ1511 መጀመሪያ የወለደችው ወንድ ልጅ በ52 ቀኑ ሞተባት፤ ከወለደቻቸው ሁሉ ያደገችላት በ1516 የተወለደችው ማርያም ብቻ ናት። ንጉሡ «ኅሊናዬ ከሰሰኝ» ብሎ ነገሩን በይፋ ያነሣው በ1527፣ በትዳር 18 ዓመት ከኖሩ በኋላ ነው።

ወደ መጻሕፍቱ እንመለስ። ዘሌዋውያን 18፥16 እና 20፥21 የወንድምን ሚስት ማግባትን ይከለክላሉ፤ ሁለተኛው ቃል እንዲህ ያደረጉት ያለ ልጅ እንደሚሆኑም ይናገራል። ዘዳግም 25፥5 ደግሞ ወንድሙ ልጅ ሳይወልድ የሞተበት ሰው መበለቲቱን እንዲያገባ ያዝዛል። ሁለቱ አይጣሉም። የመጀመሪያው ሕግ ነው፤ ሁለተኛው በእስራኤል ዘንድ የሟች ስም እንዳይጠፋና የነገድ ርስት ወደ ሌላ እንዳይሄድ በታወቀ ምክንያት የተሰጠ ነው። ምክንያቱም በሐዲስ ኪዳን አልፏል፤ እኛ ርስታችን በሰማይ ነው፤ ስማችንም የሚጻፈው በሕይወት መጽሐፍ ነውና። ስለዚህ በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኒዮቄሳርያ የተሰበሰቡ አባቶች በሁለተኛው ቀኖናቸው ሁለት ወንድማማቾችን ያገባችን ሴት ከምእመናን አንድነት ለይተዋታል፤ የእኛም ፍትሐ ነገሥት የወንድምን ሚስት ከተከለከሉት ወገን ይቆጥራታል። በአንዳንድ የሀገራችን አካባቢ ባሏ የሞተባትን ሴት ለዋርሳዋ የመስጠት ልማድ ነበረ፤ ልማዱ የሀገር እንጂ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም፤ ተክሊልም አይደረግበትም።

እንግዲህ ልጅዎ ያልጠበቀውን አንድ ነገር በግልጽ ልንገርዎ። ሄንሪ ገና በ1509 መጥቶ «የወንድሜን መበለት ላግባ?» ብሎ የእኛን አባቶች ቢጠይቃቸው ኖሮ «አይሆንም» ይሉት ነበር። ጥቅሱን አላጣመመም፤ ጥቅሱ አለ። ችግሩ ጥቅሱን ያነሣበት ጊዜና ያነሣበት ልብ ነው።

ይህንንም የምለው በግምት አይደለም። በዚያው በ1527 ንጉሡ ወደ ሮም ሌላ ልመና ልኳል። ሊያገባት የፈለጋት አን ቦሊን ነበረች፤ ከአን እኅት ከሜሪ ጋር ደግሞ ቀደም ሲል አብሮ አድሯል። በዘመኑ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ይህ ከወንድም ሚስት ጋር እኩል የሆነ የዝምድና እንቅፋት ስለሚፈጥር፣ እንቅፋቱ እንዲነሣለት ፖፑን ለመነ። እንግዲህ ይመልከቱ፤ በአንድ እጁ «ፖፕ እንዲህ ያለውን ዝምድና ሊፈቅድ ሥልጣን የለውምና ካትሪን ሚስቴ አይደለችም» ይላል፤ በሌላ እጁ ያንኑ ዓይነት ዝምድና ይፈቀድልኝ ብሎ ለዚያው መንበር ይጽፋል። ኅሊናው በእውነት የእግዚአብሔርን ሕግ ፈርቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም በፈራ ነበር።

«ያለ ልጅ ይሆናሉ» የሚለውም ቃል ችግር ነበረበት፤ ማርያም በሕይወት ነበረችና። ለዚህም የዕብራይስጥ ሊቅ የነበረው ሮበርት ዌክፊልድ ቃሉ ወንዶች ልጆችን ማለት ነው ብሎ ለንጉሡ ተረጐመለት። እዚህ ላይ ሳልቆም ማለፍ አልችልም፤ በንስሐ አባትነት በቆየሁባቸው ዓመታት «ወንድ ልጅ አልወለደችልኝም» ወይም «መካን ናት» ብሎ ሚስቱን ሊፈታ የመጣ ሰው ተቀብዬ አውቃለሁና። እንዲህ ላለው ሰው የምነግረው የኢያቄምንና የሐናን ነገር ነው። እስከ እርጅና ሲሰደቡ ኖሩ፤ ኢያቄም ግን ሐናን አልፈታም፤ እመቤታችንን ያገኘነው ከዚያ ከታገሠ ቤት ነው። ጌታችን በማቴዎስ 19 ስለ መፍታት ሲናገር ከዝሙት በቀር ምክንያት አልተወልንም፤ መውለድና አለመውለድ በእግዚአብሔር እጅ ያለ ነውና የሚስት ጥፋት ሆኖ ሊቆጠር አይችልም።

አሁን ልጅዎ በዓይነ ኅሊናው እንዲያይ የምፈልገው ቀን ጁን 21 ቀን 1529 ነው። ሁለት ካርዲናሎች፣ እንግሊዛዊው ዎልዚና ከሮም የተላኩት ካምፔጆ፣ በለንደን በብላክፍራየርስ ገዳም ለፍርድ ተቀመጡ። ንጉሡ ተጠራ፤ ንግሥቲቱም ተጠራች። እርሷ ለዳኞቹ አልመለሰችም፤ ከወንበሯ ተነሥታ በተሰበሰበው ሰው መካከል አልፋ ሄዳ በባሏ እግር ሥር ተንበረከከች። በባዕድ ሀገር ያለች ወዳጅ የሌላት ሴት መሆኗን፣ ለብዙ ዓመታት የታመነች ሚስት ሆና መኖሯን ተናገረች፤ ሲያገባትም ድንግል እንደ ነበረች እግዚአብሔርን ዳኛ ጠርታ፣ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ለገዛ ኅሊናው ተወችለት። ንጉሡ ለዚህ ቃል መልስ እንደ ሰጠ አይነገርም። እርሷም እጅ ነሥታ ተነሥታ ወጣች። ጠሪው ስሟን እየደጋገመ ቢጠራትም ይህ ለእኔ አድልዎ የሌለበት ሸንጎ አይደለም ብላ ሳትመለስ ሄደች። አቤቱታዋን ወደ ሮም አቀረበች።

በሮም የነበሩት ፖፕ ቀሌምንጦስ 7ኛ ነበሩ። ፍርዱን ያዘገዩት ለሕግ ተጨንቀው ብቻ ነው ብል አልታመንም። በሜይ 1527 የንጉሠ ነገሥቱ የካርል 5ኛ ወታደሮች ሮምን ዘርፈው ፖፑን በምሽግ ከበዋቸው ነበር፤ ካርል ደግሞ የካትሪን የእኅቷ ልጅ ነው። ጋብቻው የጸና ነው ብለው የፈረዱት በማርች 1534፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የሮም መንበር በሁሉ ላይ ይፈርዳል የሚለውን ትምህርት እኛ አንቀበልም፤ ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ የተለየነው ግን በክርስቶስ ተዋሕዶ ምሥጢር ነው። ልጅዎ መለያየቶቹን እንዳይቀላቅላቸው ይህን አጥብቀው ይንገሩት፤ የእኛ ክርክር የሃይማኖት ነበር፤ የማንም ንጉሥ ትዳር አልነበረበትም።

የነገሩ እምብርት ግን ጋብቻው አይመስለኝም። በፌብሩዋሪ 1531 ንጉሡ የእንግሊዝን ካህናት ሰብስቦ የቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ መሆኔን ተቀበሉ አላቸው። ጨነቃቸው፤ በመጨረሻም «የክርስቶስ ሕግ እስከሚፈቅደው ድረስ» የሚል ሐረግ ጨምረው ተቀበሉ። እንዲያውም ሊቀ ጳጳሱ ዋርሃም ሐሳቡን ሲያቀርቡላቸው የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ዝምታቸው እንደ ስምምነት ተቆጠረ። ንጉሡ በ1533 መጀመሪያ አንን በስውር አገባ። ይግባኝ ወደ ሮም እንዳይሄድ በሕግ ከተከለከለ በኋላ አዲሱ ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር በሜይ 23 ቀን በደንስተብል ተቀምጠው የካትሪንን ጋብቻ ከመጀመሪያውም ያልነበረ ነው ብለው ፈረዱ። በኖቬምበር 1534 የወጣው የበላይነት ሕግ ንጉሡን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ብቸኛ የበላይ ራስ ሲያደርገው ያ ሐረግ በውስጡ አልነበረም። «የክርስቶስ ሕግ እስከሚፈቅደው ድረስ» የሚለው ቃል አራት ዓመት እንኳ አልቆየም። ከሳሽም ዳኛም ንጉሡ ሆነ፤ የቤተ ክርስቲያን ራስ ክርስቶስ መሆኑን ሐዋርያው በኤፌሶን መልእክቱ ያስተማረውን ለሚያምን ሰው ከጋብቻው መፍረስ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው።

ቃላቸውን ያልለወጡ አባቶች ዋጋ ከፈሉ። የሮቸስተሩ ጳጳስ ጆን ፊሸር በዚያው በ1529 ሸንጎ ፊት መጥምቁ ዮሐንስ ስለ ጋብቻ ክብር እንደ ሞተ ሁሉ እኔም ነፍሴን አሳልፌ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ ብለው ነበር፤ ንጉሡ ከሄሮድስ ጋር መነጻጸሩ እጅግ አስቆጣው። በጁን 22 ቀን 1535፣ በምዕራባውያን ዘንድ የመጥምቁ ልደት ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንገታቸው ተቈረጠ። የንጉሡ ከፍተኛ ሹም የነበረው ቶማስ ሞር በሁለተኛው ሳምንት ተከተላቸው። ከለንደኑ የካርቱስ መነኮሳት ገዳም ወገን 18 ተገድለዋል፤ ከነዚህ ዘጠኙ በእስር ቤት በሰንሰለት ታስረው በረኃብ ያለቁ ናቸው። ከ1536 እስከ 1540 ባሉት ዓመታት ወደ 800 የሚሆኑ ገዳማትና የመነኮሳት ቤቶች ተዘጉ፤ የጣሪያቸው እርሳስ ተገፎ ተሸጠ፤ መጻሕፍታቸው ተበተኑ። የገዳም መጻሕፍት ሲበተኑ ምን እንደሚጠፋ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ማንበብ ያማል።

ልጅዎ ብልህ ነውና «ዮሐንስም እኮ ሄሮድስን የከሰሰው የወንድምህን ሚስት አገባህ ብሎ ነው፤ ታዲያ ለሄንሪ አይመሰክርም ወይ?» ሊልዎ ይችላል። የሄሮድስ ወንድም በሕይወት ነበረ፤ አርተር ግን ሞቷል። ከዚህም በላይ ዮሐንስ ሕጉን በንጉሥ ላይ ተናገረው፤ ሄንሪ ግን ሕጉን ለራሱ ፈቃድ ጠበቃ አድርጎ አቆመው።

በእኛም ሀገር ንጉሥ በጋብቻው የተገሠጸበት ጊዜ አለ። በ14ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዐምደ ጽዮን የአባቱን ሚስት ወስዷል ተብሎ አቡነ በጸሎተ ሚካኤልና አቡነ አኖሬዎስ ፊት ለፊት እንደ ገሠጹት ገድላቸው ይናገራል፤ ተገረፉ፤ ተሰደዱም። የእኛ ነገሥታት በቤተ ክህነት ጉዳይ እጃቸውን አላስገቡም አልልም፤ አስገብተዋል። ሆኖም የገሠጹት አባቶች በቅዱሳን መዝገብ ሲታሰቡ ይኖራሉ፤ ተግሣጹም ስሕተት ነበር ተብሎ አልተሻረም።

«እንግዲህ የአንግሊካን ሃይማኖት ለአንዲት ሴት ተብሎ የተመሠረተ ነው» እንዳይል ግን ይጠንቀቁለት፤ ይህ ለሰዎቹ ፍትሕ አይሆንም። ሄንሪ በ1521 ሉተርን ተቃውሞ ስለ ሰባቱ ምሥጢራት በመጻፉ ከፖፕ ሊዮን 10ኛ «የሃይማኖት ጠበቃ» የሚል ስም የተቀበለ ሰው ነው፤ በ1539 እንኳ ኅብስቱ በእውነት የክርስቶስ ሥጋ መሆኑን የካደ እንዲቀጣ ሕግ አውጥቷል። ዛሬ ጎረቤቶችዎ የሚጸልዩበት ሥርዓት በልጁ በኤድዋርድ ዘመን በ1549 ከወጣው የጸሎት መጽሐፍ የሚነሣ ነው፤ ንግሥት ኤልሳቤጥም በ1559 «ራስ» የሚለውን ትታ «የበላይ ገዥ» መባልን መርጣለች። የጋብቻው ክርክር በሩን ከፈተ፤ በበሩ የገባው ትምህርት ግን ከሌላ የመጣ ነው።

ስለ ሕንፃው አይሳቀቁ። ጽላቱ የእኛ፣ ቅዳሴው የእኛ፣ ካህናቱ የእኛ ናቸው፤ በራቸውን ለከፈቱልን ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። በቁርባን ግን አንድ አይደለንምና እርስዎም ልጅዎም ከእነርሱ አትቀበሉ። የፊታችን ቅዳሜ ማታ ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው በመጀመሪያ ማርቆስ 6ን ከቁጥር 17 እስከ 29 ያንብቡለት፤ ከዚያ ስለ ካትሪን መንበርከክ ይንገሩት። ከዚያ በኋላ የሚያነሣውን ጥያቄ በወረቀት ጽፎ ያምጣልኝ፤ እመልስለታለሁ።