ሮቢንሰንን አሳልፈው ሰጡት፤ እኔንስ ይችላሉ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የምሠራው ዲሲ ዳውንታውን፣ ፓርኪንግ ውስጥ። ዕድሜዬ 54 ነው። ከልጄ ጋር የኮማንደርስን፣ የዋሽንግተኑን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ ጨዋታ እናያለን። በ2025 ተጫዋቹን ብራያን ሮቢንሰንን ለወጣቶቹ ቦታ ይልቀቅ ብለው ሳን ፍራንሲስኮ ሰደዱት፤ እስካሁን እንከራከርበታለን። እኔ «ሰው ሳይጠየቅ እንዴት እንደ ዕቃ ይለወጣል?» እላለሁ፣ እሱ ሕጋዊ ነው ይላል። በዚህ መሃል አለቃዬ ለዓመታት ከሠራሁበት የቀን ሥራ አንስቶ ሌላ ጋራዥ የሌሊት ሺፍት መደበኝ። በእኔ ቦታ ሃያዎቹ ውስጥ ያሉ ሁለት ልጆች ገቡ። «አዲስ ጉልበት እንፈልጋለን» አለኝ። በሰዓት የሚከፈለኝ አልተነካም። የእኔም ነገር እንደ ሮቢንሰን ሕጋዊ ነው?

መልስ፦ በሮቢንሰን ጉዳይ ልጅዎ ረትቶዎታል። የራስዎ ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

ንዴትዎ ይገባኛል። ሮቢንሰን በ2022 ኦገስት እዚሁ ዲሲ ውስጥ ሊዘርፉት በሞከሩ ልጆች በጥይት ተመትቶ፣ በኦክቶበር ሜዳ ገብቶ ሲሮጥ ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። ሦስት ዓመት ቆይተው ግን በ2026 ድራፍት (ቡድኖች በየዓመቱ አዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) አንድ የስድስተኛ ዙር ምርጫ ተቀበሉና ለሳን ፍራንሲስኮው ቡድን ለፎርቲናይነርስ ሰጡት። ስድስተኛ ዙር! ኳሱን ይዞ መሮጡ በብዛት የተላለፈው ደግሞ በ2025 በሰባተኛ ዙር ለተመረጠው ለጃኮሪ ክሮስኪ-ሜሪት ነው።

ታዲያ እንዴት ይቻላል? ፈርሞበታላ። የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ተጫዋች ሁሉ በሚፈርመው መደበኛ ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፤ በውሉ ላይ ለብቻው የተለየ ነገር ካልተጻፈ በቀር ቡድኑ ውሉን ለሊጉ ሌላ ቡድን ማስተላለፍ ይችላል፣ ተጫዋቹም እንደተነገረው ቶሎ ሄዶ ሪፖርት ያደርጋል፣ የጉዞ ወጪውን ተቀባዩ ቡድን ይሸፍናል፣ ውሉንም እንዳለ ያከብራል። ይህን ደግሞ ቡድኑ ብቻውን ያመጣው ነገር አይደለም። የተጫዋቾቹ ዩኒየን ራሱ የተስማማበት ነው፤ አሁን ያለው የኅብረት ስምምነት በ2020 ጸድቆ እስከ 2030 የውድድር ዘመን ይሠራል። ስለዚህ «ሳይጠየቅ» የሚለው ትክክል አይደለም። የተጠየቀው የፈረመ ቀን ነው።

እኛ የለመድነው የአውሮፓውን እግር ኳስ ስለሆነ ነው የሚገርመን። እዚያ ተጫዋቹ አልሄድም ካለ ዝውውሩ ይቀራል። እዚህ አልሄድም ቢል ቅጣቱ ይከተለዋል፣ ደሞዙም ይቆማል። «ያለ ፈቃዴ አልዘዋወርም» የሚል አንቀጽ ማስገባት ይቻላል፣ ግን የሚያገኙት በጣም ጥቂቶች ናቸው፤ ራኒንግ ባክ (እንደ ሮቢንሰን ኳስ ይዞ የሚሮጠው ተጫዋች) ደግሞ ወጣት በርካሽ የሚገኝበት ቦታ ስለሆነ የመደራደር አቅሙ ትንሽ ነው። በ1989 ዳላስ ሄርሸል ዎከርን ለሚኒሶታ ሲሰጥ፣ እሺ ብሎ እንዲሄድ 1.25 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮለት ነበር። እንዲያ ዓይነት ዕድል ለሁሉም አይገጥምም።

የዕድሜ አድልዎስ? የ1967ቱ የፌዴራል ሕግ የሚጠብቀው 40 ዓመት የሞላውን ሰው ነው። ሮቢንሰን ያኔ 26 ነበር። ከዚያም በላይ በዚያው ቦታ የሚጫወተውን የ30 ዓመቱን ኦስቲን ኤክለርን አስቀርተው ነው እሱን የለቀቁት፤ ይህ ከሳሽን ፍርድ ቤት ውስጥ ዝም የሚያሰኝ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ። እርስዎ «ወደፈለጋችሁበት አስተላልፉኝ» ብለው የፈረሙት ውል የለም ብዬ ልነሳ። እርግጥ በአገሩ ልማድ አሠሪ ሺፍት ለመቀየር ምክንያት መስጠት አይጠበቅበትም። ሕግ የከለከለው ምክንያት ግን አለ፣ ዕድሜ አንዱ ነው። 54 ዓመትዎ ነው፤ ኩባንያው 20 ሠራተኛ ካለው የፌዴራሉ ሕግ ይመለከተዋል። ከዚያ ይልቅ እኔን ደስ ያለኝ ሥራዎ ዲሲ መሆኑ ነው፤ መኖሪያዎ ሜሪላንድ ቢሆንም የሚሠራው የዲሲ የሰብአዊ መብት ሕግ ነው። በፌዴራሉ ሕግ ዕድሜዎ ባይኖር ኖሮ ዝውውሩ እንደማይመጣ ማስረዳት አለብዎት፤ ይከብዳል። በዲሲው ዕድሜ በከፊልም ቢሆን ምክንያት መሆኑ ይበቃል።

«ክፍያዬ አልተነካም፣ ምን ተጎዳሁ?» ብለው እንዳይተዉት። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሴንት ሉዊስ የፖሊስ ሳጅን የሆነች ሴት ጉዳይ አይቶ ነበር። ደሞዟ አልተቀነሰም፣ ማዕረጓም ያው ነው፤ ግን ከክፍሏ አንስተው ቦታዋን ለወንድ ሰጡት፣ የሥራ ቀኗም ተቀየረ። ፍርድ ቤቱ ጉዳቱ ከባድ መሆን የለበትም፣ የተወሰነ ጉዳት ይበቃል አለ። ጉዳዩ የፆታ ነው፤ ሆኖም ለዕድሜም በደንብ የሚጠቀስ ነው። የሌሊት ሺፍት፣ የራቀ ጋራዥ፣ የቀረ ቲፕ፣ እነዚህን ይጻፏቸው።

ያቺ «አዲስ ጉልበት» የምትል ቃል ወርቅ ናት። በየትኛው ቀን፣ የት ቆማችሁ፣ ማን እየሰማ እንዳለ ዛሬውኑ ይጻፉ። በቴክስት ከመጣ ስክሪንሾት ያንሱ። በስልክ ልቅረጸው ካሉ ግን ጥንቃቄ! ዲሲ ውስጥ አንዱ ተነጋጋሪ ካወቀ ይበቃል፤ ሜሪላንድ ግን ሁሉም ሳይፈቅድ መቅረጽ ወንጀል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሶፋ ላይ ተቀምጠው አለቃዎን ቀድተው ይዘው እንዳይመጡብኝ።

ጊዜው ይሮጣል። ለፌዴራሉ የሥራ ዕድል እኩልነት ኮሚሽን ዝውውሩ ከተነገረዎት ቀን ጀምሮ 300 ቀን አለዎት፤ ለዲሲ የሰብአዊ መብት ቢሮ አንድ ዓመት። ለሁለቱም ክፍያ የለም። ዩኒየን ካላችሁ ለእሱም ያመልክቱ፣ የራሱ አጭር ቀነ ገደብ ስላለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የዩኒየኑን መልስ ሲጠብቅ 300ው ቀን ያልቅበታል፤ የዩኒየን አቤቱታ ያንን ቆጠራ አያቆመውም።

በመሃል ትንሽ ብር አቅርበው «ይችን ፈርምና በሰላም እንለያይ» ሊሉዎት ይችላሉ። አቤቱታ ከማስገባትዎ በፊት የቀረበ፣ የዕድሜ መብትዎን የሚያስለቅቅ ወረቀት ከሆነ ሕጉ የሚያስቡበት 21 ቀን፣ ከፈረሙም በኋላ የሚያፈርሱበት 7 ቀን ይሰጥዎታል። «ዛሬ ካልፈረምክ ይቀራል» የሚል ካለ አይስሙት። ይህ የጻፍኩት በነገሩኝ ልክ ነውና ወረቀቱ ሲመጣ ይዘውት ወደ ጠበቃ ይሂዱ፣ ሳይፈርሙበት።