ሲሚንቶውን ከመግዛታችሁ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ደብረ ብርሃን የቀበሌ ቤት ውስጥ እንደምትኖሪ ጽፈሻል። የጓዳው ግድግዳ ከታች ጀምሮ ይረጥባል፣ ከአልጋው ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ወጥቷል፣ የ4 ዓመት ልጅሽን ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። ባለቤትሽ «በሲሚንቶ እናስለስነው» ይላል። ያዋጣል ወይ ነው ጥያቄሽ።

እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን በቀበሌ ቤት 23 ዓመት ኖሬአለሁ። ሦስት ልጆች አሳድጌበታለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ፤ ቢረዝምም ታገሺኝ። መልሱን አስቀድሜ ልስጥሽ፦ ሲሚንቶውን ለአሁኑ ተዉት።

እኛም አስለስነን ነበር። በገባን በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ እቁብ ወጣለት። ደስ ብሎን ግንበኛ ጠራን። ጓዳውን ከወለሉ እስከ ደረቴ ድረስ በሲሚንቶ አስለሰንን፣ የዘይት ቀለምም ቀባን። ቤቱ አዲስ መሰለ። ጎረቤት እየመጣ አየልን። ሐምሌ ሲገባ ግን እርጥበቱ ከሲሚንቶው በላይ ብቅ አለ። ድሮ ጉልበቴ ጋ ይቆም የነበረው ትከሻዬ ጋ ደረሰ። በዓመቱ ግድግዳውን ስታንኳኪው ውስጡ ባዶ እንደሆነ ያስታውቃል። አንድ ሌሊት ግማሹ ከነጭቃው ተገንድሶ የልጆቹ አልጋ ላይ ወደቀ። ያን ቀን ብርድ ስለነበር ልጆቹ እኛ ጋ ተኝተው ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴ ይባባል። ጠዋት የተራቆተውን ቋሚ እንጨት ስነካው እግሩ በስብሶ በጣቴ ተፈረፈረ።

በኋላ ግድግዳውን የሠሩልን አንድ የመንዝ ሽማግሌ ነበሩ። ሥራ የጀመሩት ጠይቀው ነው። «እርጥብ ልብስ ለብሰሽ ላስቲክ ብትደርቢበት ይደርቃል?» አሉኝ። ነገሩ ይኸው ነው። የጭቃ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል፣ ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ ደግሞ መልሶ ይተፋል። በሲሚንቶና በዘይት ቀለም ስትዘጊው የጠጣውን የሚተፋበት ያጣል። ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፣ ወይም ውስጥ ተቀምጦ እንጨቱን ይበላል።

ጽሑፍሽ ውስጥ «ምናልባት እኔ ቤት አያያዝ አላውቅም» ያልሽው ነገር አሳዝኖኛል። ያንን ከራስሽ ላይ አውርጂው። እነዚህ ቤቶች ከየት እንደመጡ አስቢ። በ1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሁሉ የመንግሥት ሲሆኑ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ናቸው ወደ ቀበሌ የሄዱት። ሻል ያሉት ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ። ለቀበሌ የደረሰው ከመጀመሪያውም በርካሽ የተሠራው፣ አብዛኛው የጭቃ ቤት ነው። በዚያ ላይ ዕድሜ ተጨመረበት። ከተማችን ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ ስትመጣ «መስኮቱን ክፈቱት እንጂ» ትላለች። በማግስቱ ጋቢ ተከናንባ ራሷ ትዘጋዋለች። እኛ ጋ ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ነው የሚመጡት።

አሁን ወደ ሥራው። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ። ከሰማይ፣ ከመሬት ወይም ከእናንተ ከራሳችሁ ነው። ለእያንዳንዱ መፍትሔው ለየብቻ ነው።

ከሰማይ የሚመጣው ቀላሉ ነው። ዝናብ ሲጥል ያንጠባጥባል፣ ሲያባራ ይቆማል። ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ሳይሆን ሚስማሩ ነው ጥፋተኛው። ከሚስማሩ ሥር ያለችው ጎማ በፀሐይ ትደርቅና ትሰነጠቃለች። ሚስማሩን በባለ ጎማ መቀየር ወይም ካትራሜ መቀባት ይበቃል። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ሌሊቱን ዝናብ ሳይጥል፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ጠዋት ከኮርኒሱ ውሃ ጠብ ካለ ጣሪያው አላፈሰሰም። ቆርቆሮው አልቦት ነው። የእናንተ ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ሆኖ ይመለሳል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ጊዜ ጣሪያ አስጠግኛለሁ።

የጓዳሽ እርጥበት ከታች ከጀመረ ግን ከመሬት የሚመጣውን ነው የምጠረጥረው። ለማረጋገጥ ክንድ የሚያህል ላስቲክ እርጥቡ ቦታ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቂና ሁለት ሦስት ቀን ተይው። ስታነሺው ከግድግዳው በኩል ውሃ ካዘለ ውሃው ከግድግዳው ነው። ከክፍሉ በኩል ካላበው ደግሞ ከቤት ውስጥ አየር ነው። ምንም ወጪ የለውም። እባክሽ ከሁሉ በፊት ይህን አድርጊ።

ከዚያ ወደ ውጭ ውጪና የግድግዳውን እግር እዪ። እኛ ሰፈር ችግሩ ያለው እዚያ ነበር። ቤቱ ሲሠራ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ነበር። አፈር በየዓመቱ ተደፋ፣ ከዚያ ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ አለ፣ ቤታችን ዝቅ ብሎ ቀረ። የመሠረቱ ድንጋይ ተቀብሮ ጭቃው ራሱ ከአፈር ጋር ተገናኝቷል። በዚያ ላይ የጎረቤት ጣሪያ አሸንዳ ስላልነበረው ውሃው በቀጥታ የእኛ ግድግዳ ሥር ይወርዳል።

ያደረግነው ይህ ነው። ግድግዳው ላይ የተከመረውን አፈር የመሠረቱ ድንጋይ እስኪታይ ድረስ ጠረግን። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቀን ቦይ ቆፈርን። ቦዩ ወደ ታችኛው በኩል ማዘንበል አለበት፤ አለዚያ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው የሚሆነው። ውስጡን በድንጋይ ሞላነው። ከመሠረቱ ሥር ግን እንዳትቆፍሩ፣ ግድግዳው ይናዳል። አሸንዳውን ከጎረቤታችን ጋር ተነጋግረን ግማሽ በግማሽ ገዛን። መጀመሪያ ተኮራርፈን ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ቡና አፍልቼ ጠርቻቸው፣ ግድግዳውን አስነክቻቸው ነው የተስማማነው። አሸንዳውና ቦዩ ከሲሚንቶው በጣም ባነሰ ብር አለቁ። በሚቀጥለው ክረምት እርጥበቱ ከጉልበቴ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ። ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል ብዬ አልዋሽሽም።

የተበላሸውን ግድግዳ በጭቃ ነው የመለስነው። ሽማግሌው አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው ከሳምንት በላይ አቆዩት። በየሁለት ቀኑ ውሃ እየተጨመረበት ይረገጣል። ጭዱ እየለሰለሰ ሲሄድ ጭቃው ይይዛል፣ ሲደርቅም ብዙ አይሰነጠቅም። ሠራተኛ ቸኩሎ በማግሥቱ ሊመርግልሽ ከመጣ አትቀበዪው። የበሰበሰው ቋሚ እግር ተቆርጦ ሥሩ ድንጋይ ገባለት። ከላይ ኖራ ተቀባ። ኖራ እርጥበቱን አይዘጋም፣ ሻጋታም ቶሎ አይወጣበትም። ሲቀባ ግን ዓይንና እጅ ያቃጥላል፤ ልጆችን አርቂ። ጊዜውን ምረጡ። በክረምት አይሞከርም። በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ አለ፣ ግን የሌሊቱ ውርጭ እርጥቡን ምርጊት ያበላሸዋል። እኔ የምመርጠው በልግ ካለፈ በኋላ፣ በግንቦት፣ ከሰኔ በፊት ነው።

ሦስተኛው ውሃ እኛው የምናወጣው ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ተኝቶ፣ በሩ ሥር ጨርቅ ተወትፎ፣ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ ሽሮው እየፈላ፣ ግድግዳው እንዴት ይደርቃል? ብርዱን ፈርተን ነው፣ ይገባኛል። እኔ የለመድኩት ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጣ ሲል በርና መስኮቱን ፊት ለፊት ከፍቼ 10 ወይም 15 ደቂቃ ነፋስ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ከዚያ እዘጋለሁ። ሙቀቱ ቶሎ ይመለሳል። ከጣሪያው ሥር ነፋስ በማይመጣበት በኩል የእጅ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ትተናል፣ በወንፊት ሽቦ ሸፍነናታል። ድስት ሲፈላ ክዳን አይለየውም። ልብስ በክረምት በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ቢቆይ ይሻላል። ቁምሳጥንና አልጋ ከግድግዳ ቢያንስ አራት ጣት ይራቅ። ጤፍና ዱቄት በጆንያ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ከሥሩ እንጨት ይግባለት።

ኮርኒሳችሁ ላስቲክ ከሆነ አውልቁት። ውሃው እላዩ ላይ ተጠራቅሞ ይሸታል። በማዳበሪያ ከረጢት የተሠራው እንኳ ይሻላል፣ አየር ያሳልፋል።

ስለ ሻጋታው። በደረቅ መጥረጊያ አትንኪው፣ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል። ልጁን ጎረቤት ላኪ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ እጅሽን ላስቲክ አልብሺ። ሊሾ፣ ቆርቆሮ ወይም ቀለም የተቀባ ጠንካራ ነገር ላይ ከሆነ በረኪና ይሠራል፤ ለ4 ሊትር ውሃ ከአንድ ኩባያ አይለፍ። በርና መስኮት ይከፈት። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በምንም ዓይነት እንዳትቀላቅዪ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጭቃው ላይ ግን በረኪና ከንቱ ነው። ሻጋታው ሥር ይሰድዳል። እርጥብ አድርገሽ ፋቂውና በአዲስ ምርጊት ተኪው።

አሁን የምነግርሽን ከሌላው ሁሉ አስበልጠሽ ያዢልኝ። «ማታ ከሰል አስገብተን ነው ጓዳውን የምናደርቀው» ብለሻል። እህቴ፣ ይህን ዛሬውኑ አቁሙ። ብዙዎቻችን ከሰሉ ደጅ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ አይጎዳም ብለን እናምናለን። ውሸት ነው። የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። የቀላውም ከሰል ያወጣዋል። እኛ ግቢ አንድ ሌሊት እናትና ልጅ ከቤት ጎትተን ወደ ደጅ አውጥተናል። ልጅቷ ራሴን አመመኝ ብላ በሩን ለመክፈት ተነስታ መውደቋ ነው ያተረፋቸው። ድምፁን ሰምተን ደረስን። ለብርዱ ከመኝታ በፊት ውሃ አሙቀሽ በላስቲክ ጠርሙስ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ ልጁ እግር ሥር አድርጊ። ክዳኑ ጠበቅ ይበል፣ ውሃውም በጣም የፈላ አይሁን።

የልጁን ሳል ጤና ጣቢያ ውሰጂው። የዓለም ጤና ድርጅትም እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ሳልንና አስምን እንደሚያባብስ ይናገራል። ስለዚህ ለሐኪሙ የቤቱን ሁኔታ ንገሪው፣ ካልነገርሽው አያውቅም። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ጠይቂ። አትፈሪው፣ መድኃኒት አለው።

ቤቱን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤትም በጽሑፍ አመልክቺ። ብዙ ሰው «ኪራዩ ትንሽ ነው፣ ብናገር ያስወጡኛል» ብሎ ዝም ይላል። እኔም ስድስት ዓመት ዝም ብያለሁ። ጣሪያና ግድግዳ ከመንካታችሁ በፊት ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ ያለ ፈቃድ ብትሠሩ ነገ ጭቅጭቅ ይመጣል። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አድርጊ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቢ፣ ሌላው ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፈሽ ያዢ። ቀን ያለው ፎቶ አያይዢ። ከተቻለ በአንድ ረድፍ ያላችሁ ጎረቤቶች አብራችሁ ፈርሙ። እኛ አምስት አባወራ ሆነን ስንገባ ነው ባለሙያ መጥቶ ያየልን። የምታወጡትን ወጪ ደረሰኝ አንድም አትጣሉ፤ ከኪራይ ይታሰብልን ብላችሁም ጠይቁ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልሥራ አትበዪ። ዛሬ ማታ የልጁን አልጋ ከዚያ ግድግዳ አርቂው፣ ከሰሉንም ደጅ አስቀሪው። ላስቲኩን ነገ አጣብቂ። ከዚያ ፎቶ ላኪልን። ስታነሺ ከውጭ በኩል የግድግዳውን እግር አንሺ፤ የውስጡን አይተነዋል።