«እንደገና ሕክምና ልማር ወይ?» ላለችው ነርስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰሜን ወሎ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አራተኛ ዓመትሽን ይዘሻል። ጦርነቱ በአንድ በኩል ሲበርድ በሌላ በኩል እየተነሳ፣ በጥይትና በከባድ መሣሪያ የቆሰለ ሰው መቀበል የዕለት ሥራሽ ሆኗል። «ብዙዎቹ እኛ ጋ ሲደርሱ አልቆላቸዋል። ነርስ ሆኜ የምለውጠው ነገር የለም። ሥራዬን ትቼ ሕክምና ከሀ ጀምሬ ልማርና ቀዶ ሐኪም ልሁን?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አባትሽ ደግሞ ወንድምሽ ወዳለበት ሪያድ እንድትሄጂ ይወተውቱሻል። እንቅልፍ እንደራቀሽና እንግሊዝኛሽ እንደሚያሳስብሽም ነግረሽኛል።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ መልሴ «አይሆንም» ነው። ምክንያቱን ራስሽ ጽፈሽዋል፤ እኛ ጋ ሲደርሱ አልቆላቸዋል ብለሻል። ዓመታት ተምረሽ፣ ስፔሻሊቲ ጨርሰሽ ብትመለሺ በዚያው በር የሚገቡልሽ እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ደማቸው መንገድ ላይ አልቆ።

የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 በኢራቅና በአፍጋኒስታን የሞቱበትን ወታደሮች አንድ በአንድ መርምሮ ነበር። አብዛኞቹ የሞቱት ሕክምና ተቋም ሳይደርሱ ነው። ሊተርፉ ይችሉ ነበር ከተባሉት ውስጥ ከ10ሩ 9ኙን የገደላቸው የደም መፍሰስ ነው። ሄሊኮፕተር ያለው ጦር እንዲህ ከሆነ፣ ቁስለኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ የወሎ ገበሬ ምን ይሁን?

ሌላም አለ፤ ከእኛ ኑሮ ጋር የሚቀራረበው ይኼኛው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈንጂ በተቀበረባቸው የሰሜን ኢራቅና የካምቦዲያ ገጠሮች የአካባቢ ጤና ሠራተኞችና በሺዎች የሚቆጠሩ ተራ የመንደር ሰዎች የመጀመሪያ ዕርዳታ ሠለጠኑ። ሆስፒታል ለመድረስ በአማካይ ከ5 ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። ከቁስለኞቹ የሚሞተው ግን ከ40 ከመቶ ወደ 15 ከመቶ ገደማ ወረደ። አዲስ ሆስፒታል ተሠርቶ አይደለም።

እኔ የጤና መኮንን ሆኜ ጀምሬ የሥራ ዘመኔን የፈጀሁት የድንገተኛ ክፍል ነርሶችንና የአምቡላንስ ሠራተኞችን በማሠልጠን ነው። ሐኪም ያልሆነ ሰው ብዙ ይሠራል የሚለው ነገር ለአገራችንም አዲስ አይደለም። ጎንደር የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን የጀመረችው በ1947 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ በማስተርስ ደረጃ ሠልጥነው በገጠር ሆስፒታል የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ የጤና መኮንኖች አሉን። ቀዶ ሐኪም አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ግን ወረዳሽ አሁን የጎደለው ከቆሰለበት ቦታ እስከ እናንተ በር ያለው ሰንሰለት ነው፤ ያንን ደግሞ ካንቺ የተሻለ የሚያውቀው የለም።

ከበርሽ ጀምሪ። መዝገብ ላይ የቆሰለበትን ሰዓትና የደረሰበትን ሰዓት ለየብቻ ጻፊ፤ በማን እንደቆሰለ ግን አትጻፊ። ሰዓቱ ለሕክምናም ወሳኝ ነው። ትራንኤክሳሚክ አሲድ የሚባለው ርካሽ መድኃኒት ደም ለሚፈሰው ቁስለኛ ሕይወት የሚያተርፈው በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው፤ ካለፈ ሊጎዳ ይችላል። ያለ ሰዓት መስጠትም መከልከልም በግምት ይሆናል። ቀጥሎ ትሪያጅ፦ በአንድ ጊዜ ብዙ ቁስለኛ ሲገባ ማን ቀድሞ እንደሚታይ የሚወስን፣ ስሙ የታወቀ አንድ ሰው በየተረኛው ይኑር። የዓለም ጤና ድርጅትና ቀይ መስቀል ያዘጋጁት የመሠረታዊ ድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና እንደ እናንተ ላለ፣ መሣሪያ ለጎደለው ክፍል የታሰበ ነው፤ መማሪያው በነፃ ይገኛል፤ አንብቢው።

ከዚያ ከግቢው ወጣ በዪ። የቃሬዛ ማኅበሩን አባላትና ቁስለኛ የሚያመጡላችሁን የባጃጅ ሾፌሮች ሰብስቢ። ግማሽ ቀን ይበቃል፦ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጥቅጥቅ አድርጎ መሙላት፣ በሁለት እጅ ሳይለቁ መጫን፣ በሰፊ ጨርቅ አጥብቆ ማሰር፣ ቁስለኛውን ከብርድ መሸፈን፣ ራሱን የሳተውን በጎኑ ማስተኛት። ቱርኒኬት፣ ማለትም ደም ለማቆም እጅ ወይም እግር ላይ አጥብቆ የሚታሰረው ማሰሪያ ላይ፣ ጠንቀቅ በይ። በአጭር መንገድ ነፍስ ያድናል፤ በእናንተ የ4 እና የ5 ሰዓት መንገድ ግን እግር ሊያስቆርጥ ይችላል። ስለዚህ ተጭኖ እንቢ ላለ ደም ብቻ ይሁን፤ የታሰረበት ሰዓት ይጻፍ፤ ቀጭን ገመድና ሽቦ ፈጽሞ አይሁን። ይህን ሁሉ በግልሽ እንዳትጀምሪው። በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና በቀይ መስቀል ቅርንጫፍ በኩል ይሁን፤ አለዚያ ለአንዱ ወገን ታጣቂ አሠለጠነች ይሉሻል፣ ይህ ደግሞ ቀላል አደጋ አይደለም።

ሰው ማሠልጠኑን ይህን ያህል የማከብደው ምክንያት አለኝ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ካያቸው 106 የጤና ተቋማት በመደበኛነት ይሠሩ የነበሩት 13 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በአዲግራትና በአካባቢዋ 20 ያህል አምቡላንሶች ተወስደዋል። የእናንተም አካባቢ በኋላ ምን እንደደረሰበት አንቺ ትነግሪኛለሽ። መኪናውና ማሽኑ ሲሄድ የሚቀረው ሰው የሠለጠነበት ነገር ነው።

ትምህርት ከፈለግሽ፣ እንድትፈልጊም እመክርሻለሁ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድንገተኛና ጽኑ ሕክምና ነርሲንግ የሚሰጠው ማስተርስ አለ። እስከዚያ ሁለት ዓመት የምትይዢው መዝገብ የመመረቂያ ጥናትሽ መነሻ ይሆናል።

አሁን ወደ አባትሽ። ወንድምሽ የሚልከው ገንዘብ ለጉሮሮ ሳይሆን ቤቱን ለመጨረስ እንደሆነ ጽፈሻል። እንግዲህ የተጠየቅሽው ሙያሽንና ወጣትነትሽን ለቆርቆሮና ለብሎኬት እንድትሰጪ ነው። አባትን ማክበር ማለት ለዚህ እሺ ማለት አይደለም። ቁጭ ብለሽ፣ በትሕትና፣ ግን ሳትድበሰብሺ ንገሪያቸው። በየወሩ ምን ያህል መርዳት እንደምትችዪ ቁጥሩን አስቀምጪ፤ ከዚያ በላይ አትግቢ።

ያንቺ ኑሮ ሌላ ጉዳይ ነው። ደመወዙ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ኑሮ አንገፍግፏቸው ነው። አንድ ቀን ለራስሽ ስትይ ሪያድ ልሂድ ካልሽ አልፈርድብሽም። በዳታፍሎ (የትምህርትና የሥራ ማስረጃ ማጣሪያ) እና በፕሮሜትሪክ (የሙያ ፈቃድ) ፈተና አልፈሽ፣ በነርስነት ሂጂ፤ ለደላላ አንድ ብር አትክፈዪ። ግን ሌላ ሰው ስለወሰነልሽ አትሂጂ።

እንግሊዝኛው የማስተርሱን ንባብ ስትጀምሪ ይስተካከላል። እንቅልፍ ማጣቱን ግን አታቃልዪው፤ ወር ካለፈው ደሴ ወርደሽ የአእምሮ ሐኪም እዪ፣ አለቃሽንም ከተከታታይ የሌሊት ተራ እንዲያወጣሽ ጠይቂ።

ከሁሉ በፊት የመዝገቡን ቅጽ በእጅሽ ነድፈሽ ላኪልኝ፤ አይቼ፣ አስተካክዬ እመልስልሻለሁ። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የምታስገቢውን ደብዳቤም አብረን እንጽፈዋለን።