መልስ፦ ጠዋት ያነበብኩት ቃል ቢሮ ስደርስ ይጠፋል

በየጠዋቱ የምታነቢውን ሦስት የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ ለጊዜው ተዪውና አንድ ጥቅስ ብቻ ያዢ። «ጠዋት በደንብ አነባለሁ፤ ቢሮ ገብቼ ባለጉዳይ ሲጨቀጭቀኝ ግን ያው ቁጡ ነኝ» ብለሻል። የጎደለሽ ንባብ አይደለም። ቃሉን ዛሬ የት እንደምትኖሪው ሳትወስኚ ነው ከቤት የምትወጪው።

በያዕቆብ 1፥19 ጀምሪ፤ ለመስማት ፍጠኑ፣ ለመናገርና ለቁጣ ዘግዩ ይላል።

1. ከመውጣትሽ በፊት የምትፈተኚበትን ሰዓት በስሙ ጠርተሽ ጸልዪ። «ጌታ ሆይ፣ ከምሳ በፊት ያለው ሰልፍ ላይ እርዳኝ» በዪው።

2. ባለጉዳዩ ሲናገር አታቋርጪው። ሲጨርስ የሰማሽውን መልሰሽ ንገሪው፦ «ሦስተኛ ጊዜ መመላለስዎ ነው፣ ፋይሉም አልተገኘም፤ ልክ ነኝ?» ብዙ ሰው እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንቺም ለመረጋጋት ትንሽ ፋታ ታገኛለሽ።

3. ከተቆጣሽ ሰውየው ሳይሄድ ይቅርታ ጠይቂው። ማታ ለብቻሽ ንስሐ መግባትሽ መልካም ነው፤ የተከፋው ግን እሱ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ጥቅሱን አትቀይሪው። መዝሙር 1፥2 ሕጉን ቀንና ሌሊት ስለሚያስብ ሰው እንጂ ስንት ምዕራፍ እንዳነበበ አይናገርም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ቃሉ አንቺን መንካት ሲጀምር የሥራ ባልደረባሽ ቁጣ ቶሎ ይታይሻል። ጥቅሱን በቴሌግራም እንዳትልኪላት! በዚህ መንገድ የሻከረ ወዳጅነትም ትዳርም አይቻለሁ። ይልቅ ሰልፉ ሲበዛባት ግማሹን ወደ አንቺ መስኮት ጥሪላት።