ቆራጭ ልሆን ነው እንዴ የተማርኩት?

ጥያቄ፦ የደን ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት እንጦጦ አካባቢ ባሕር ዛፍን በአገር በቀል ዛፍ የመተካት ሥራ ላይ ነው። የእኔ ድርሻ የሚቆረጡትን ቀለም መቀባት ነው። ዛፍ ለመትከል ተምሬ አስቆራጭ ሆኜ አረፍኩት። ሙያ ልቀይር?

መልስ፦ እህቴ፣ አትቸኩዪ። ብሩሹ ጭራሽ ባይከብድሽ ኖሮ የበለጠ እሰጋልሽ ነበር።

ደግሞ ቢያሳዝንሽ አይገርምም፣ ባሕር ዛፍ ባለውለታ ነው። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ማገዶ አልቆባት፣ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን በስተምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ከተማ ለማዛወር አስበው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ ነው ከተማዋን ባለችበት ያጸናት። ችግሩ ውሃ ይጠጣል፤ ከሥሩም እምብዛም ሣር አይበቅልም። የረገፈው ቅጠል ለማገዶ ሲጠረግ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይዞት ይወርዳል።

ስለዚህ መቁረጡ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውሃዋን ለማትረፍ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሕር ዛፍን ጨምሮ መጤ ዛፎችን በመንግሥት ፕሮግራም ታስቆርጣለች። ለሥራው የሚቀጠሩትም በአብዛኛው ሥራ አጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ አቆራረጡ ነው። በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን፣ ሰው በተከላቸው የውጭ ዛፎች ጥላ ሥር አገር በቀል ችግኞች ራሳቸው በቅለው ታይተዋል። ለምን? ወፍ የወይራና የጽድ ፍሬ በልታ ቅርንጫፍ ላይ ታርፋለች፣ ዘሩን እዚያው ትጥለዋለች። እና ብሩሹን ከማንሳትሽ በፊት ጎንበስ ብለሽ ከሥሩ እዪ። የጽድ ችግኝ ካገኘሽ ያ ባሕር ዛፍ ሞግዚት ነው፤ ጥቂት ዓመት ይቆይ። ይህን ለአለቃሽ ንገሪው። «ዝም ብለሽ ቀቢ» ካለሽ የምትለቂው ያንን ቦታ ነው፣ ሙያሽን አይደለም።

ለቅጥር ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢ አንቺም ጠያቂ ሁኚ። ጉቶው ምን ይደረጋል? ካልተከታተሉት ያቆጠቁጥና አንዱ ግንድ አራት አምስት ሆኖ ይመለሳል። ችግኙን ከተተከለ በኋላ ማን ይንከባከበዋል? የእንጦጦን ዳገት እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችስ? ለእነሱ መልስ የሌለው ፕሮጀክት፣ ደሞዙ ቢያጓጓም፣ እኔ ብሆን አልገባበትም። (ደሞዝ አያስፈልግም እያልኩሽ አይደለም!)

እስከዚያው ከልምምዱ የምትችዪውን ያህል ያዢ። ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መሥራትና የቦታ መረጃ መተንተን) ልመጂ። ችግኝ ጣቢያ ሄደሽ የኮሶና የወይራ ዘር እንዴት እንደሚዘጋጅ እጅሽን አስገብተሽ እዪ፤ ይህን የሚያውቅ ተመራቂ ብዙ አያጋጥመኝም። ሲቪሽ ላይ «ዛፍ ቀባሁ» ብለሽ አትለፊው። ስንት ሄክታር እንደለካሽ፣ የትኛውን ዛፍ ለምን እንዳስቀረሽ ጻፊ። ማስታወሻ ደብተር ከሌለሽ ዛሬውኑ ግዢ።