የቆዳ ጥያቄዎቻችሁ፦ ፋይሶሄክስን ምን ይተካዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። በወጣትነቴ ሐኪም ለብጉር ያዘዘልኝ ፋይሶሄክስ የሚባል የፊት መታጠቢያ ነበር። አሁን ፋርማሲ ብጠይቅ መመረት ካቆመ ቆየ አሉኝ። ቤት ውስጥ ግማሽ ጠርሙስ ተርፎ አገኘሁ። የ15 ዓመት ልጄ ፊቷ በብጉር ስለተሞላ ብትታጠብበት ምን አለበት?

መልስ፦ አይስጧት። ጊዜው ማለፉ ሳያንስ፣ ውስጡ 3 በመቶ ሄክሳክሎሮፊን አለ። ይህ ፀረ ጀርም በታጠቡ ቁጥር ቆዳ ላይ እየተጠራቀመ ይሠራል፤ የተወደደውም በዚሁ ነው። ቆዳው ከቆሰለ ግን ወደ ደም ዘልቆ ነርቭ ይጎዳል። በ1972 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ በስህተት 6 በመቶ የገባበት የሕፃናት ፓውደር 36 ልጆች ገደለ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ፋይሶሄክስን ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ ከለከለች። እስከዚያ ድረስ ሆስፒታሎች አራስ ልጅ ሳይቀር ያጥቡበት ነበር!

ለብጉርም ቢሆን ከስሙ ያነሰ ነበር። ብጉር የሚወጣው የቆዳ ቀዳዳ በቅባትና በሞተ ቆዳ ተደፍኖ ውስጡ ጀርም ሲራባ ነው። ፋይሶሄክስ ላይ ላዩን ያጸዳል እንጂ የተደፈነውን አይከፍትም።

ምትኩ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው፤ ጀርሙም አይላመደውም። 4 ወይም 5 በመቶ የሆነውን መታጠቢያ ትግዛ። ማታ ፊቷን ለብ ባለ ውሃ አርጥባ፣ ሁለት የአተር ፍሬ የሚያህል በጣቷ ቀብታ፣ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ አቆይታ ትታጠበው። ሳትፈትግ አድርቃ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ትቀባ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አንድ ቀን እየዘለለች ብቻ። ቶሎ እንዲያድናት ብለው 10 በመቶ አይግዙላት፤ ያቃጥላል፣ ጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ቃጠሎው የሚተወው ጥቁር ነጥብ ከብጉሩ በላይ ይቆያል። ፎጣዋ ነጭ ይሁን፤ መድኃኒቱ ባለ ቀለም ጨርቅ ያነጣል፣ የነጠላ ጥለት እንኳ አይምርም። ሙቀት ስለሚያበላሸው መኪና ውስጥ አይተውት።

ቆዳዋ ከለመደው በኋላ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን 0.1 በመቶ አዳፓሊን (የተደፈነ ቀዳዳ የሚከፍት ቅባት) መጨመር ይቻላል። ያኔ መታጠቢያው ወደ ጠዋት ይዛወራል። አዳፓሊኑ ማታ አንድ የአተር ፍሬ ያህል በደረቅ ፊት ሁሉ ላይ ይቀባል እንጂ ብጉሩ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ አይደረግም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊብስ ይችላል፤ ብዙዎች የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞላ አይፍረዱበት። የሚያም ጠጣር እብጠት ወይም ጠባሳ ካለ ግን ሳትቆይ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ግንባሯ ላይ ፀጉር መብቀያውን ተከትሎ ብቻ ከሆነ የወጣው፣ መጀመሪያ የፀጉር ቅቤውንና ቅባቱን ያስቁሟት።

የተረፈውን ጠርሙስ የአሮጌ መድኃኒት መመለሻ ያለው ፋርማሲ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ለብጉር ፊቴን በዴቶል ብታጠብስ?

መልስ፦ አይሆንም። ፊት ያቃጥላል፣ ያደርቃል፤ የተደፈነ ቀዳዳም አይከፍትም። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል (ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒቶች) ያለበት የማቅያ ክሬም የሚቀቡ ከሆነ ብጉሩን ያመጣው እሱ ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ ተቀብተው ከሆነ በድንገት ማቆም ፊትን ስለሚያስቆጣ፣ ቱቦውን ይዘው ሐኪም ጋ ይሂዱ።